ተራራ ያሰፉኝ ሰው

ሲስተር ሃና ከድሬዳዋ ስትደውል የደንበኛ ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መቀስ ላነሳ ነበር። እኔ ስልክ ሲጮህ ገና ሳላነሳው ክፉውን ሁሉ አስቤ የምጨርስ ሰው ነኝ። ያን ቀን ካሰብኩት አንዱ እውነት ሆነ።

«አባዬ አረፈ» አለችኝ። «አልተሰቃየም። ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ ነው።» ትንሽ አለቀሰችና ቀጠለች፦ «ለማርታ እናት ንገሪያት ብሎኝ ነበር፤ ላንቺ።»

«ምን ብለሽ ንገሪያት አለሽ?»

«እንጃ። ንገሪያት ብቻ ነው ያለኝ።»

ቀሚሱን ያን ቀን አልቆረጥኩትም። የቀሚሱ ባለቤት ልትወስድ ስትመጣ ሰው እንደሞተብኝ ነገርኳት። «ዘመድ ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ጋሽ ሥዩም ዘመዴ አይደሉም። የግቢያችን ተከራይ ነበሩ። እሳቸው ድሬዳዋ ተወልደው ባቡር ሲጠግኑ ያረጁ፣ እኔ ከወላይታ ለትዳር መጥቼ ጂንካ የቀረሁ ልብስ ሰፊ። ግን አብረን አንድ ሥራ ሠርተናል፤ በዚያ ሥራ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ወደ ጂንካ ያመጣቸው የልጃቸው የነርስነት ምደባ ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሃና ብቻዬን አልሄድም ስትላቸው ሻንጣቸውን አንስተው ተከተሏት። ያኔ መንገዱን አስፋልት አልነካውም ነበር። ከአርባ ምንጭ የመጣ ተሳፋሪ እዚህ ሲወርድ ወጣቱም ሽማግሌውም ፀጉሩ አንድ ዓይነት ቀለም ነው። ጋሽ ሥዩም በር ላይ ቆመው አቧራቸውን ሳያራግፉ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ውሃ ወይም ስለ መብራት አልነበረም።

«የዚህ አገር ልጆች ባቡር አይተው ያውቃሉ?» አሉኝ።

«በሥዕል ያውቁታል።»

«አቦ! ባቡርን በሥዕል ማየትማ ምሳን በሥዕል መብላት ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ሰውየው ሥራ እየፈለጉ ነው።

የማርታ አባት ካረፈ ወዲህ ልጄ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ድረስ በር ላይ የምቆም እናት ሆኜ ነበር። አንድ ቀን ቀረችብኝ። መኪናም አሰብኩ፣ የነሪን ወንዝም አሰብኩ፣ ያላሰብኩት የለም። ነጠላዬን ይዤ ስሮጥ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ያለው የተሰባበሩ ዴስኮች የሚቀመጡበት መጋዘን በሩ ተከፍቷል። ልጆች ተሰብስበዋል። ማርታ ከመካከላቸው ተንበርክካለች፤ ጋሽ ሥዩም ደግሞ ጉንጫቸውን ሲሚንቶው ላይ አስደግፈው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል።

«ጋሼ! ምን ሆኑ?»

«ልክ እየመረጥኩ ነው። አንቺ ሰፊ አይደለሽ? ልክ ሳትወስጂ ትቆርጫለሽ?»

ወለሉ ላይ በጠመኔ ትልቅ ክብ ተሥሏል። ከካርቶን የሠሯቸው ሦስት ፉርጎዎች ነበሩ፤ አንዷ የጫማ ካርቶን ታህላለች፣ ሁለተኛዋ ያልተቆረጠ የልብስ ሳሙና፣ ሦስተኛዋ የክብሪት ቀፎ። ልጆቹ በሙሉ ትልቋን መርጠዋል። ጋሽ ሥዩም እሺም እምቢም ሳይሉ ትልቋን በጠመኔው መስመር ላይ ይገፏት ጀመር። ኩርባው ላይ ስትደርስ ጭራዋ ግድግዳውን መታ።

«አያችሁ? ሰው ባቡሩን ይመርጥና ቦታ ይፈልግለታል። መጀመሪያ የሚታየው ኩርባው ነው። ይህ ክፍል ከዚህ የሰፋ ኩርባ አይሰጠንም። ኩርባው ያልተሸከመውን ባቡር እኛም አንሸከምም።»

ትንሿ በየትም ታልፋለች። ግን ማርታን በሩ ጋ አቆሟትና «ፉርጎዋ መስኮት አላት?» ብለው ጠየቋት። ማርታ አንገቷን ብታሰግግም አልታያት አለ። «የኋላ ልጆች ካላዩአት ለማን ትሄዳለች? ደግሞ ይቺ የወጣት ዓይን ትፈልጋለች፤ የእኔ ወጣት ዓይን ድሬዳዋ ቀርቷል» አሉ። የሳሙናዋን ሲያነሱ ግን ማርታ ከበሩ ሆና «አላት! ሁለት!» ብላ ጮኸች።

በዚያው ተወሰነ። ጋሽ ሥዩም ተነስተው ሱሪያቸውን አራገፉና አንድ የክብሪት እንጨት አቆሙ። «ከዛሬ ጀምሮ የዚህ አገር ሰው ቁመቱ ይኼ ነው። በሩም፣ ዛፉም፣ ፍየሉም ለእሱ ይታዘዛል። ከዛፍ የሚበልጥ ፍየል ይዞ የመጣ ከአገሬ አስወጣዋለሁ።»

ልጄን ልቆጣ ሄጄ ሳልቆጣ ተመለስኩ።

ሥራው ወራት ፈጀ። ባቡሩን የሚጎትተው ሞተር ከተበላሸ ቴፕ የወጣ ነው፤ ኃይሉን ያገኘው ከአሮጌ የሞተር ሳይክል ባትሪ። መንገዱ የሚዘረጋበት ጣውላ የትምህርት ቤቱ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው የሚማሩበት ክፍል ስላለባቸው ቁርጡን ተናገሩ። «ጋሼ፣ እስከ ወላጆች ቀን እጠብቅዎታለሁ። ያን ቀን ወላጅ ፊት ባቡሩ ከዞረ መጋዘኑ የእርስዎና የልጆቹ ነው፤ ቁልፉን እሰጥዎታለሁ። ካልዞረ ጣውላውን ለዴስክ እፈልገዋለሁ።»

«ተገቢ ነው» አሉ ጋሽ ሥዩም። ማታ ግን ሃና እራት አልበላም እንዳሉ ነገረችኝ።

በማግስቱ ባዶ የቡና ጆንያዎች ታቅፈው በረንዳዬ ላይ መጡ። የስፌት መኪናዬ ፊት አራገፏቸውና «የማርታ እናት፣ ተራራ ስፊልኝ» አሉኝ።

ስንት ነገር ሰፍቻለሁ፤ ዩኒፎርም፣ የመዘምራን ልብስ፣ የሙሽራ ቀሚስ። ተራራ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም።

«ልኩ ስንት ነው?»

«ልኩን ባቡሩ ይነግርሻል። ነይ።»

መጋዘኑ ውስጥ የባቡሩ መንገድ ጣውላው ላይ ተዘርግቷል። ተራራው የሚቆመው ኩርባው ላይ ነው፤ ባቡሩ በሆዱ ያልፋል። የዶሮ ሽቦ ታጥፎ አጥንት ይሆናል፣ ጆንያው ይለብሰዋል፣ በላዩ ጀሶ ይቀባል። ጋሽ ሥዩም ግን ሽቦውን ከመንካታቸው በፊት ከሁሉም ረጅሟን ፉርጎ አነሱ። ወገቧ ላይ አንድ እርሳስ፣ ጭራዋ ላይ ሌላ እርሳስ አሰሩ። ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ካርቶን አነጠፉና እንደ ታማሚ ቀስ እያደረጉ ገፏት። ቀጥ ባለው ቦታ ሁለቱ እርሳሶች ከሐዲዱ እኩል ተራርቀው ሄዱ። ኩርባው ላይ ግን የወገቡ እርሳስ ወደ ውስጥ ገባ፣ የጭራው ወደ ውጭ ወጣ።

«አየሽ? ቀጥ ባለ መንገድ ሁሉም ጨዋ ነው። ኩርባ ላይ ነው የሰው ሆዱና ጭራው የሚታወቀው።»

«እንደ ልብስ ነዋ» አልኳቸው። «ቆሞ የተለካ ቀሚስ ሲቀመጡበት ይቀደዳል። ለዚያ ነው እኔ ደንበኛዬን አስቀምጬ የምለካው።»

ጋሽ ሥዩም እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። በጣም ሲደሰቱ የሚያደርጉት ነው። «አስቀምጠሽ! አቦ፣ ይህን ድሬ ላይ የሚነግረኝ ባገኝ ስንት ፉርጎ ከበር ሳላጋጭ በቀረሁ!»

ከዚያ ቀን በኋላ እኔን መርማሪ አደረጉኝ። የእርሳሱ መስመር ካለፈበት ላይ የትንሿ ጣታቸውን ውፍረት ጨምረው የዋሻውን ግድግዳ ያቆማሉ፤ ከዚያ እኔ ፉርጎዋን እገፋለሁ። ጣቴን በፉርጎዋና በግድግዳው መካከል አሳልፋለሁ። የእሳቸው ሕግ ነበር፦ ዓይን ያያል፣ ጣት ይመሰክራል። ዛፍ ተተክሎ «ይነካል» ካልኩ ዛፉ ይነቀላል። ጣቢያው እንኳ ሁለት ጊዜ ተነስቷል፤ አንድ ቃል አልተከራከሩኝም።

አብረውኝ ሲሠሩ ግን ቀልዳቸው አያልቅም። ማርታ ውሃ ስትጠጣ «ቀስ በይ፣ እንዳያንቅሽ» ስላት ሰምተው «የማርታ እናት፣ የልጅሽን ጉሮሮ በእርሳስ ለክተሽዋል?» ይሉኛል። ልጆች ጣውላው ጠርዝ ላይ ሲደገፉ እጃቸው እንዳይቆረጥ ጨርቅ ብጠቀልልበት «ባቡሩንም ሹራብ አልብሺው፣ ብርድ እንዳይመታው» ይላሉ። አንድ ቀን ግን ተከፋሁ። ፍርሃቴን የምወደው መስሏቸው ይሆን ብዬ ፊቴን ወደ ስፌቴ መለስኩ። ገባቸው። ጆንያ እየያዙልኝ ቀስ ብለው ተናገሩ፦ «እኔ አትፍሪ አልልሽም። ደፋር ሰው ፉርጎ ሲመረምር አይቻለሁ፤ መዶሻውን አንድ ጊዜ መታ አድርጎ ደህና ናት ብሎ ያልፋል። ሐዲድ የሚጠብቀው ፈሪ ነው። አንቺ ፍርሃትሽን ሥራ አስይዢው እንጂ በር ላይ አታቁሚው።»

ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ፍርሃቴ ለሥራ ይፈለጋል ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

የወላጆች ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ባቡሩ ሳይቆም ዙሪያውን ዞረ። ተራራው ቆሟል፤ በአሪ ተራራ አረንጓዴ ተቀብቷል። ጋሽ ሥዩም ኮፍያቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አከኩ፤ ከዚያ ልጆቹን ጠሩና «በሉ፣ ጭነት አምጡ» አሉ።

ስህተቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ጭነት ሲባል የሚያውቁት የጂንካን አይሱዙ ነው። እኔ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋኋቸውን ትንንሽ ከረጢቶች አሸዋ ሞልተው ደረደሩ። በላዩ የእንጨት ክምር ጫኑ። በእንጨቱ ላይ ከክብሪት ቀፎ የተሠራ አልጋ እግሩን ወደ ሰማይ አድርገው አሰሩ። በአልጋው እግሮች መካከል የጭቃ ፍየል፣ ከፍየሉ አጠገብ የጭቃ ሰው አስቀመጡ። ፉርጎዋ ቁመቷ እጥፍ ሆነ።

«ጋሼ፣ ይኼ አያልፍም» አልኩ።

«ለክተናል እኮ። አንቺ ራስሽ ጣትሽን አሳልፈሻል።»

«ባዶዋን ነው የለካነው። እዚህ አገር ባዶ መኪና አይተው ያውቃሉ?»

ሳቁና ፉርጎዋን በእጃቸው ገፏት። ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ የአልጋው እግር ጀሶውን ቧጠጠ፤ ከረጢት ተንሸራተተ፤ ፍየሉ ሐዲዱ ላይ ወደቀ። ልጆቹ ጮኹ።

ጋሽ ሥዩም ፊታቸው ተለወጠ። «ጭነቱ ይቀንሳል። ባቡር ሕግ አለው። ከልክ ያለፈ ጭነት ከጣቢያ አይወጣም። ድሬ ላይ የብረት በር ነበረን፤ በዚያ በር ሥር ያላለፈ ፉርጎ ይራገፋል። አለቀ።»

«ልጆቹ ነገም ያዩትን ነው የሚጭኑት።»

«እናስተምራቸዋለና! ተራራውን ማፍረስ አይታሰብም። ከነገ ወዲያ ወላጅ ይመጣል። በዚህ ዝናብ ጀሶው ሳይደርቅ ቢናድስ? ክፍሉ ይሄዳል የማርታ እናት። ሁሉም ዴስክ ይሆናል።»

ትክክል ነበሩ። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው። ግን ዓይኔ ከሐዲዱ ላይ አልነሳ አለ። ፍየሉ አጠገብ የጭቃው ሰው በግንባሩ ተደፍቷል።

«ጋሼ፣ ጭነቱ ላይ ሰው አለ» አልኳቸው።

የማርታ አባት ነጋዴ ነበር። ከአርባ ምንጭ ሸቀጥ አስጭኖ ሲመለስ፣ ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር ጭነቱ ላይ ተቀመጠ። ከወይጦ አለፍ ብሎ መንገዱ ላይ የተዘረጋ የግራር ቅርንጫፍ መታው። ሾፌሩ እንኳ ያወቀው ቆይቶ ነው። ጋሽ ሥዩም ይህን ከሃና ሰምተዋል፤ ከእኔ ጋር ግን አንድ ቀን አንስተነው አናውቅም።

የጭቃውን ሰው አነሱት። ግንባሩን አዩት። ወደ ጥግ ሄደው መጋዝ ይዘው መጡና፣ ወራት የደከሙበትን ተራራ ከነአፉ ከነሆዱ በራሳቸው እጅ መቁረጥ ጀመሩ።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አሉኝ። «ጆንያ አምጪ እንጂ! ያንን ጭነት ከነፍየሉ መልሳችሁ ጫኑ። በሱ ነው የምንለካው።»

እርሳሱን በዚህ ጊዜ ያሰርነው በጭቃው ሰው ራስ ላይ ነው።

አዲሱን የዋሻ አፍና ሆድ ሰፍቼ፣ ጀሶውን ቀብተን፣ ከሰል አንድደን ስናደርቀው ዋልን። በማግስቱ ጋሽ ሥዩም ክር ጠየቁኝ። ከዋሻው አፍ ትንሽ ቀደም ብለው በሐዲዱ ግራና ቀኝ ሁለት እንጨት ተከሉ፤ በላያቸው ዘንግ አጋደሙ፤ ክሮቹን በተርታ አንጠለጠሉበት።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አንድ ሽማግሌ ባቡር ነጂ ነው ያወራኝ። ድሮ በሌላ አገር ፉርጎ ጣሪያ ላይ ቆመው ፍሬን የሚይዙ ሠራተኞች ነበሩ አሉ። ዋሻ ከመድረሱ በፊት እንዲህ ገመድ ይንጠለጠላል። ገመዱ ፊቱን ሲነካው ሰውየው ጎንበስ ይላል። ሌሊት ቢሆን፣ ፊቱን አዙሮ ቢሆን፣ ገመዱ ይነግረዋል።»

ክሮቹን እኔ ነኝ እኩል አድርጌ የቆረጥኳቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ዘንግ፣ አንድ ጥቅል ክር ብቻ ነበር ያ የወይጦ መንገድ የሚፈልገው። ጋሽ ሥዩም እያዩኝ ነበር፤ ክሩን ከእጄ አልወሰዱም።

የወላጆች ቀን መጋዘኑ ሞላ። ወላጅ ከከተማውም ከአሪ ቀበሌዎችም መጥቷል። መግቢያ ያጣው በመስኮት ያያል። ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ጣታቸው ላይ እያዞሩ ፊት ቆመዋል። ልጆቹ ፉርጎዋን ጫኗት፤ እንደፈራሁት ከፊተኛው ቀንም አብልጠው ነው የጫኑት። ጋሽ ሥዩም ወደ እኔ አዩ። ፉርጎዋን ክሮቹ ሥር አቆምኩና የጭቃውን ሰው ራስ አየሁ። ጣቴን አሳለፍኩ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

ማብሪያውን ጫኑ። ባቡሩ ተነሳ። ቀጥ ያለውን ጨረሰ፤ ክሮቹ ፍየሉንና ሰውየውን ዳበሷቸው፤ ሞተሯ ገባች፣ ፉርጎዋ ገባች። ከዚያ የሚሰማው የሞተሯ ድምፅ ብቻ ሆነ። አንዲት ሴት «ቀረ» ስትል ሰማሁ። ጋሽ ሥዩም እርሳሱን ነክሰው የዋሻውን መውጫ ያያሉ። እኔ ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ እላለሁ።

ሞተሯ ብቅ አለች። ከኋላዋ ከረጢቶቹ፣ እንጨቱ፣ እግሩን የሰቀለው አልጋ፣ ፍየሉ። ልጆቹ ጣሪያው እስኪናጋ ጮኹ። ወላጁ አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሲበርድ ከፊት የቆሙ የአሪ ሽማግሌ፣ ከማርታ ጋር የምትማር ልጅ አያት፣ በትራቸውን ወደ ፉርጎዋ ዘረጉ። አማርኛቸውን እየፈለጉ «ላዩ ላይ ያለው ሰውዬ» አሉ፣ «ጨለማው ውስጥ ጭንቅላቱ አልተመታም?»

ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ ሥዩም አልሳቁም። ባቡሩን አቆሙና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ዋሻውን የመረመረችው እሷ ናት አባባ። እሷን ይጠይቁ።»

ወላጅ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ በቸርች እንኳ ድምፄን አሰምቼ ጸልዬ አላውቅም። የጭቃውን ሰው ከጭነቱ ላይ አነሳሁና ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

«አልተመታም» አልኩ። «ከነጭነቱ ነው የለካነው፣ ከነሰውየው።»

ሽማግሌው ሰውየውን ተቀበሉኝ። በአውራ ጣታቸው ራሱን ዳበሱት፤ ግንባሩን፣ ማጅራቱን። አልቸኮሉም። ከዚያ ራሳቸው መልሰው ጭነቱ ላይ አስቀመጡት፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞሩለት።

«ደህና ነው» አሉ። «ይሂድ።»

ርዕሰ መምህሩ እየሳቁ ቁልፉን ለጋሽ ሥዩም ዘረጉላቸው። የጋሽ ሥዩም እጅ ግን ማብሪያው ላይ ነበር፤ ዓይናቸውም ከባቡሩ አልተነሳም። እኔ ተቀበልኩላቸው።